ቤቱን የሠራው ሰው ስም

እስቲ ጠጋ በሉ፤ አንድ ስም ፍለጋ ከቤቷ ስለወጣች ሴት ላጫውታችሁ። የፈለገችው ስም ብቻ ነው፤ ከዚያ ሌላ ለማንም የሚከብድ ነገር አልጠየቀችም።

ወይራ አምባ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከገበያው ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ነበር። ታቹ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ላዩ በእንጨት የተዋቀረ፣ ከፊቱ ሰገነት ያለው ነው። የከተማው ሰው "የፊታውራሪ ቤት" ይለዋል። የትኛው ፊታውራሪ እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ቤቱ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ አቶ ድንቁ የሚባሉ ሰው ተከራይተው ገቡበት፤ ልጃቸው ትርንጎም እዚያው ተወለደች፣ እዚያው አደገች፣ መምህርት ሆነችና እዚያው ከአባቷ ጋር ቀረች።

አቶ ድንቁ ዓይናቸው አያይም። ቤቱን ግን በእጃቸው ያውቁታል። ግድግዳውን እየዳሰሱ ደረጃውን ይወርዳሉ፣ ጓሮ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ማንንም ሳይጠሩ ይመለሳሉ። ከአጥሩ ውጭ ከሆነ ያለ መሪ አንድ እርምጃ አይሄዱም።

አንድ ቀን መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። ሰዎች መጡና በሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት። ምትክ ቤት ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይሰጣችኋል አሏቸው።  አቶ ድንቁ ያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም።

ትርንጎ ተነሥታ ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄደች። እዚያ ኪዳኔ የሚባል ባለሙያ አገኘች፤ ቁጥብና ጨዋ ሰው ነው።

"ቤቱ አሮጌ መሆኑን እኔም አይቼዋለሁ" አላት። "ቅርስ ነው ተብሎ ከተመዘገበ መንገዱ ወደ ማዶ ይገፋል። ግን ማን እንደሠራው መታወቅ አለበት።"

"የፊታውራሪ ቤት ነው የሚባለው።"

"የትኛው ፊታውራሪ?"

"እሱን አላውቅም።"

"ቲቸር፣ ስም የሌለው ፊታውራሪ ይዤ ስብሰባ ብገባ ይስቁብኛል። አንድ ስም ያምጡልኝ፤ ክረምት ሳይገባ ያምጡልኝ። ያለ ስም አልመዘግብም።"

ኪዳኔ አልመዘግብም አለ፣ ቤቱም አልድን አለ።

ትርንጎ ስሙን ፍለጋ ወጣች። አንዱ "ጣልያን ነው የሠራው፤ ደረጃውን አታዪውም?" አላት። ሌላው "የለም፣ አንድ አርመን ነው" አለ። ሦስተኛው አንድ ግሪክ አመጣ፤ የግሪኩን ሚስት ሳይቀር ገለጸላት፤ ስሙን ሲጠየቅ ግን አጣው። በመጨረሻ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ እንዲህ አላት፦ "ለምን እዚህ ያሉትን እማሆይ አጸደን አትጠይቂያቸውም? እዚያ ቤት ነው የተወለዱት ይባላል።"

እማሆይ አጸደ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች አንዲት ጎጆ ይኖራሉ። ትርንጎ ጉልበታቸውን ስማ ተቀመጠችና የመጣችበትን ነገረቻቸው። እማሆይ ጠየቋት።

"ሰገነቱ አሁንም አለ?"

"አለ እማሆይ።"

"ደረጃውስ አልፈረሰም?"

"አልፈረሰም። አባቴ በየቀኑ ይወጡበታል፣ ይወርዱበታል።"

እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ያላቸው ይመስላል።

"ታዲያ ማን ነው የሠራው?" አለች ትርንጎ።

"አውቀዋለሁ" አሉ። "ግን ወንድሜ ገሠሠ ባለበት ካልሆነ አልናገርም። መጥቶ ፊት ለፊቴ ይቀመጥ፤ ያን ጊዜ እናገራለሁ።"

"የእርስዎ ቃል ይበቃል እኮ።"

"የኔ ቃል ለኔ ይበቃኛል፤ ለእሱ ግን አይበቃውም። ሂጂ አምጪው።"

እማሆይ አልናገርም አሉ፣ ኪዳኔ አልመዘግብም አለ፣ ቤቱም አልድን አለ።

አቶ ገሠሠ ከወንዙ ማዶ ነው ቤታቸው። ፍርድ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቤታቸው ውስጥም ኮት የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። ትርንጎ የእህታቸውን ስም ስታነሣ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ቤቱ የፊታውራሪ ነው" አሉ። "ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።"

"ስማቸውን ያውቁታል ጋሼ?"

"የድሮ ነገር ነው፤ ከኔ ጠፍቷል።"

"እማሆይ ያውቁታል። እርስዎ ባሉበት ካልሆነ ግን አልናገርም አሉ።"

አቶ ገሠሠ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ። ከታች፣ ወደ ወንዙ መሻገሪያ የምትወስደው ቀጭን መንገድ በእሾህ አጥር ተዘግታለች።

"ብሄድ ደስ ባለኝ" አሉ። "ግን ጎረቤቴ አስካለ መንገዱን አጠረችው። በዚያኛው በኩል ደግሞ ዳገት ነው፤ ጉልበቴ አይችለውም፤ ባጃጅም እዚህ ድረስ አይመጣም። አጥሩ ይነሣና እሻገራለሁ።"

"ቃልዎ ነው?"

"ቃሌ ነው።" አቶ ገሠሠ ወይዘሮ አስካለ አጥሯን እንደማታነሣ ያውቃሉ። ለዚህ ነው ቃሉ ቀሎ የወጣላቸው።

አቶ ገሠሠ አልሻገርም አሉ፣ እማሆይ አልናገርም አሉ፣ ኪዳኔ አልመዘግብም አለ፣ ቤቱም አልድን አለ።

ወይዘሮ አስካለ ጎመን ስትኮተኩት ተገኘች። ቀና ሳትል ሰማቻት።

"አጥሩን ለገሠሠ ብዬ መሰለሽ ያጠርኩት?" አለች። "ገሠሠ ጎመን አይበላብኝም። ለሰይድ አህዮች ነው። በዚህች መንገድ እየገቡ ዓመት ሙሉ የደከምኩበትን በአንድ ጠዋት ይጨርሱታል። ያውልሽ፣ ያ መደብ ባዶውን የቀረው በእነሱ ነው። አህዮቹን ይዝጋልኝ፤ አጥሩን ዛሬውኑ አነሣለሁ። እስከዚያ አላነሣም።"

"እትዬ አስካለ፣ ቤታችን ሊፈርስ ነው።"

"አዝናለሁ ልጄ። እኔም የምሸጠው ጎመን ነው።"

ወይዘሮ አስካለ አጥር አላነሣም አለች፣ አቶ ገሠሠ አልሻገርም አሉ፣ እማሆይ አልናገርም አሉ፣ ኪዳኔ አልመዘግብም አለ፣ ቤቱም አልድን አለ።

ሰይድ ከወንዙ አሸዋ እያወጣ በአህያ የሚያመላልስ ሰው ነው። ትርንጎ ከአህዮቹ ኋላ እየተራመደች ለመነችው።

"ሰይድ፣ እባክህ አህዮችህን ዝጋልኝ። አስካለ አጥር አላነሣም አለች፤ አቶ ገሠሠም አልሻገርም አሉ፤ እማሆይም አልናገርም አሉ።"

"እህቴ፣ የት ልዝጋቸው?" አለ ሰይድ። "በረቱን ነፋስ ጣለው። እንጨት ገዝቼ ከደጄ ከከመርኩት ቆየሁ። ማስረሻ አናጢው እመጣለሁ ብሎኝ ነበር፤ ቀረ። ወላሂ፣ የሰው ጎመን በሚበሉ አህዮች እኔም አፍራለሁ። በረት ሳይኖረኝ ግን ምኑን ልዝጋ?"

ሰይድ አህያ አልዘጋም አለ፣ ወይዘሮ አስካለ አጥር አላነሣም አለች፣ አቶ ገሠሠ አልሻገርም አሉ፣ እማሆይ አልናገርም አሉ፣ ኪዳኔ አልመዘግብም አለ፣ ቤቱም አልድን አለ።

ትርንጎ ወደ አናጢው ሄደች። ማስረሻን የእንጨት ሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በሩ ተቆልፏል። ሥራ የሌለው ሰው አቀማመጥ ነበር የተቀመጠው።

"የሰይድን በረት ለምን አትሠራለትም?"

"በምን ልሥራው ቲቸር? መጋዙም መዶሻውም ውስጥ ነው። እዚህ ከባልደረባዬ ከላቀው ጋር ነው የምንሠራው፤ ቁልፉን ይዞ ሄዷል።"

"ለምን?"

ማስረሻ ወደ መሬት ተመለከተ። "ተጣላን። አንድ በር ለክቶ አሳጠረብኝና ተናደድኩ። በንዴት የማይባል ነገር አልኩት። ቆልፎ ሄደ። ይቅርታ ልጠይቀው ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ አይሰማኝም።"

"ምን ነበር ያልከው?"

"ለእርስዎ አይነገርም።"

"ንገረኝ።"

"'አንተ ድሮም የሰው ዓይን ያጠፋህ ነህ' አልኩት።"

 ትርንጎ የማን ዓይን እንደሆነ ታውቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ትርንጎ ልጅ ሳለች፣ ለጥምቀት ቤቱ ኖራ ይቀባ ተባለ። አቶ ድንቁ ኖራውን በርሜል ውስጥ አድርገው፣ የጎረቤት ጎረምሳ የነበረው ላቀው ውሃ እያቀበለ ሲያግዛቸው፣ ውሃው በአንድ ጊዜ ገባበትና ኖራው ፈልቶ ወጣ። አቶ ድንቁ በርሜሉ ላይ አጎንብሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ላቀው እየመጣ ከበሩ ይቆም ነበር። አቶ ድንቁ "አልተመቸኝም በሉት" ይላሉ። ይመለሳል፤ ደግሞ ይመጣል። አንድ ጊዜ መምጣቱን ተወ። አድጎ፣ ሙያ ይዞ፣ አግብቶ ወልዶ እንኳ፣ በዚያ ቤት በኩል ሲያልፍ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ነው።

ማስረሻ በረት አልሠራም አለ፣ ሰይድ አህያ አልዘጋም አለ፣ ወይዘሮ አስካለ አጥር አላነሣም አለች፣ አቶ ገሠሠ አልሻገርም አሉ፣ እማሆይ አልናገርም አሉ፣ ኪዳኔ አልመዘግብም አለ፣ ቤቱም አልድን አለ።

ላቀው ቤቱ ነበር። ትርንጎን ከደጃፉ ሲያያት ደነገጠ፤ ወንበር አውጥቶ አስቀመጣት፣ እሱ ግን ቆመ። የመጣችበትን ሁሉ ነገረችው።

"ሥራ ጠልቼ አይደለም" አላት። "ማስረሻንም አልጠላሁትም። ያለው ነገር ውሸት ቢሆን እስቅበት ነበር። ያን ቃል እሱ ቢያነሣልኝ አይነሣልኝም። ሊያነሣልኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ድንቁ ቤታቸው አስገብተው ተቀመጥ ይበሉኝ። ሌላ አልፈልግም፤ ይቅር ብዬሃለሁ እንዲሉኝም አልጠይቅም። ተቀመጥ ካሉኝ በዚያው ቀን እከፍታለሁ።"

ላቀው በር አልከፍትም አለ፣ ማስረሻ በረት አልሠራም አለ፣ ሰይድ አህያ አልዘጋም አለ፣ ወይዘሮ አስካለ አጥር አላነሣም አለች፣ አቶ ገሠሠ አልሻገርም አሉ፣ እማሆይ አልናገርም አሉ፣ ኪዳኔ አልመዘግብም አለ፣ ቤቱም አልድን አለ።

ትርንጎ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ወዴትም ብትዞር የቀራት መሄጃ ያው ነበር። አባቷ ጓሮ ፀሐይ እየሞቁ ነው።

"አባባ፣ ላቀው ሊመጣ ይፈልጋል።"

"አልተመቸኝም።"

"ተቀመጥ ቢሉት ይበቃዋል።"

"አላስቀምጠውም።"

አቶ ድንቁ አላስቀምጥም አሉ፣ ላቀው በር አልከፍትም አለ፣ ማስረሻ በረት አልሠራም አለ፣ ሰይድ አህያ አልዘጋም አለ፣ ወይዘሮ አስካለ አጥር አላነሣም አለች፣ አቶ ገሠሠ አልሻገርም አሉ፣ እማሆይ አልናገርም አሉ፣ ኪዳኔ አልመዘግብም አለ፣ ቤቱም አልድን አለ።

ትርንጎ አልተከራከረችም። የሰማችውን ሁሉ፣ ከኪዳኔ ጀምራ ላቀው ድረስ፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ጎመኑ ላይ ስትደርስ አቶ ድንቁ ፈገግ አሉ።

"እስቲ ድገሚው።"

ደገመችው።

"እንግዲህ መጨረሻ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።"

"መጀመሪያም ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ የምለፋው ለማን ሆነና።"

 ፀሐይዋ ከፊታቸው ወደ ትከሻቸው ዞረች።

"አልጠላውም" አሉ። "ይጠላኛል ብሎ አስቦ ከሆነ ተሳስቷል። ድምፁን ስሰማ ግን ያቺ ቀን ትመጣብኛለች። ከእሷ ወዲህ ያየሁት ሌላ ነገር የለማ። እናንተ ብዙ ቀን አይታችኋል፤ እኔ መጨረሻ ያየሁት እሷን ነው።"

ትርንጎ መቀመጫቸውን ወደ ፀሐይዋ አዞረችላቸው።

"ነገ አምጪው" አሉ አባቷ።

በማግስቱ ላቀው መጣ። ከበሩ ላይ ቆሞ "ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ድንቁ" አለ፤ ድምፁ ጎርንኗል። አቶ ድንቁ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

"ግባ።"

ገባ።

"ተቀመጥ።"

ተቀመጠ።  ትርንጎ ውጭ መውጣት እንዳለባት ብታውቅም በሩ አጠገብ ቆመች።

"ቤቱ አሁን ምን ይመስላል?" አሉ አቶ ድንቁ። "ትርንጎን ስጠይቃት ደህና ነው ትለኛለች። አንተ እውነቱን ንገረኝ።"

ላቀው ወደ ትርንጎ ተመለከተና መናገር ጀመረ። የሰገነቱ መደገፊያ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ቆርቆሮው ዝጓል፤ በጠራ ቀን ግን ዝገቱ ቀይ ሆኖ ያምራል። ሁለት መስኮት መስታወት የለውም። የደረጃው እንጨት መሐሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል፤ ጠንካራ ነው ግን፤ ወይራ ሳይሆን አይቀርም። ማዕዘኑ ላይ ያሉት ድንጋዮች አንዳቸውም አልተነቃነቁም፤ የገነባቸው ሰው እጁ የተባረከ ነው።

"ያኔ የቀባነው ኖራስ?"

 "ከሰገነቱ ሥር ጥቂት ቀርቷል ጋሽ ድንቁ። ሌላው ረግፏል።"

"ይርገፍ" አሉ አቶ ድንቁ። "ይርገፍ።"

ምሳ ቀረበ፤ አብረው በሉ። ላቀው ሲወጣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ይዞ ነበር።

አቶ ድንቁ አስቀመጡ፣ ላቀው በሩን ከፈተ። ላቀው በሩን ከፈተ፣ ማስረሻ መጋዙን አነሣ፤ ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ላቀው "ሚስማሩን አቀብለኝ" አለውና በዚያው ታለፈ። ማስረሻ በረቱን ሠራ፣ ሰይድ አህዮቹን ዘጋ። ሰይድ አህዮቹን ዘጋ፣ ወይዘሮ አስካለ አጥሩን አነሣች፤ ስታነሣም "አንድ ቅጠል ቢጎድል መልሼ አጥረዋለሁ" ብላ ነው። መንገዱም ተከፈተ።

አቶ ገሠሠ ግን አልመጡም።

ትርንጎ አንድ ቀን ጠበቀች፤ ሌላም ቀን ጠበቀች። ክረምቱ እየቀረበ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከብዳል። ራሷ በተከፈተችው መንገድ ተሻግራ ቤታቸው ሄደች። ኮታቸውን ለብሰው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ አጥሩ ተነሣ።"

"አይቻለሁ።"

"አህዮቹ ተዘጉ።"

"እሱንም አይቻለሁ።"

"ታዲያ?"

አቶ ገሠሠ በመስኮቱ ወደ ተከፈተችው መንገድ ተመለከቱ። "አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ትፈቺዋለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር" አሉ።

"ገብቶኛል።"

"ፊታውራሪ የሚባል ሰው የለም።"

ትርንጎ ተቀመጠች።

"ከኔ አፍ ነው የወጣው" አሉ። "ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት የየአባታችንን ሥራ ተናገሩ ተባልን። አጠገቤ የቀኛዝማች ልጅ አለ፣ ወዲያ የነጋድራስ ልጅ አለ። የኔ አባት ግንበኛ ነው። እጁ በኖራ ተሰነጣጥቆ፣ ልብሱ ጭቃ ሆኖ ነው ከሥራ የሚመለሰው። ቤታችን ግን ፎቅ ነው። ያ ፎቅ ቤት የፊታውራሪ ነው፣ ፊታውራሪውም አባቴ ነው አልኩ። ልጆቹ ለቤታቸው አወሩ፤ ከዚያ ስሙ ወጣለት። አባቴ ሰማ። ሰምቶ ምንም አላለኝም።"

"እማሆይስ?"

"አባታችን ሲሞት ቀብሩ ላይ 'ግንበኛው አባቴ' እያለች አለቀሰች። እኔ ያኔ ፍርድ ቤት ገብቻለሁ፤ አለቆቼ ቆመዋል። ጠጋ ብዬ ዝም በይ አልኳት። ዝም አለች። ይኸው እስከ ዛሬ ዝም እንዳለች ነው።"

ትርንጎ የምትመክረው ነገር አልነበራትም። ያላትን ነገረቻቸው። "አባቴ ላቀውን አስቀመጡት፤ ምሳም አብረው በሉ።"

አቶ ገሠሠ ይህንን አልሰሙም ነበር። ታሪኩን ግን ከተማው ሁሉ ስለሚያውቀው እሳቸውም ያውቁታል። አገጫቸውን በምርኩዛቸው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ "እጄን ያዢኝ" አሉ።

በቀጭኑ መንገድ ወረዱ። ወይዘሮ አስካለ ከጎመኗ መሐል ቀና ብላ "እንደምን ዋሉ" አለች፤ እሳቸውም "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው አለፉ። ወንዙን በድንጋዮቹ ላይ ቀስ እያሉ ተሻገሩ። ትርንጎ ለኪዳኔ ደውላ ነበርና እሱም ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቃቸው።

እማሆይ አጸደ ከጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ወንድማቸው ሲመጡ እያዩ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። አቶ ገሠሠ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ተቀራርበው ሲታዩ መልካቸው አንድ ነው።

"መጣህ" አሉ እማሆይ።

"መጣሁ።"

እማሆይ ወደ ኪዳኔ ዞሩ። "ያንን ቤት የሠራው..." ብለው ሲጀምሩ፣ አቶ ገሠሠ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

"እኔ ልናገር እትዬ።"

እማሆይ ንግግራቸውን አቆሙ።

"ቤቱን የሠራው አባታችን ነው" አሉ አቶ ገሠሠ። "ጓዴ ውብነህ ይባላል። ግንበኛ ነበር። ድንጋዩን ከወንዙ በጀርባው ተሸክሞ ነው ያወጣው። እናታችን ጭቃውን ረገጠች። የሰው ቤት ሠርቶ ሲመጣ፣ በተረፈችው የቀን ብርሃን የእኛን ይሠራ ነበር። ለሹም አልሠራውም። እኛ እንድንኖርበት ነው የሠራው።"

ኪዳኔ እስክሪብቶውን አወጣ። "ፊታውራሪ ጓዴ ውብነህ ልበል?"

"ግንበኛ ጓዴ ውብነህ በል።"

ኪዳኔ ትንሽ አሰበ። "ስብሰባው ላይ ሹም ቢሆን ይቀለኝ ነበር" አለ። "ግን እኔ የጠየቅሁት ስም ነው፤ ስም መጣልኝ።" ጻፈው። አቶ ገሠሠ ጽሑፉን ተቀብለው አነበቡትና አንድ ፊደል አሳረሙት።

አቶ ድንቁ አስቀመጡ፣ ላቀው በሩን ከፈተ፣ ማስረሻ በረቱን ሠራ፣ ሰይድ አህዮቹን ዘጋ፣ ወይዘሮ አስካለ አጥሩን አነሣች፣ አቶ ገሠሠ ተሻገሩ፣ ተናገሩም፣ ኪዳኔ መዘገበ፣ ቤቱም ዳነ። ስብሰባው ያለ ክርክር አላለፈም፤ ቢሆንም መንገዱ ከማዶ በኩል ባለው ባዶ ቦታ እንዲሰፋ ተወሰነ።

ክረምቱ ሲያበቃ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ አቶ ገሠሠ ብቻቸውን ወንዙን ተሻግረው ወደ ኪዳነ ምሕረት መጡ። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ቄስ ዘንድ ቀርበው አባቴን በጸሎት አስቡልኝ አሉ።

"ስማቸው ማን ነው?" አሉ ቄሱ።

"ጓዴ ውብነህ።"

"እሱ የዓለም ስማቸው ነው። የክርስትና ስማቸውን ይንገሩኝ።"

አቶ ገሠሠ አፋቸውን ከፈቱ፤ ስሙ የለም። ከሰማንያ ዓመታቸው ውስጥ ፈለጉት፤ የለም። ቄሱን ይቆዩኝ አሉና በምርኩዛቸው እየተደገፉ ወደ እህታቸው ጎጆ ሄዱ።

"እትዬ፣ የአባታችን የክርስትና ስም ማን ነበር?"

እማሆይ አጸደ እገሌ ይምጣ አላሉም፣ ይህ ይሁንልኝ አላሉም። "ገብረ ኪዳን" አሏቸው።

ስሙ ይኸው ነው፤ ወሬዬም እዚህ ላይ አበቃ።